የሲስተር ጆይስ እጆች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ካለ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሩዝና ሳሙና ልገዛ ገብቼ፣ አንዲት ወጣት ሻጭ በትንንሽ የወረቀት ስኒ ሐምራዊ ጭማቂ እያስቀመሰች መንገዴን ዘጋችብኝ። «ማማ፣ ኦንጃ ኪዶጎ» አለችኝ፤ ትንሽ ቅመሺ ማለቷ ነው። ተቀብዬ ወደ አፌ ሳስጠጋው የወይን ሽታው ቀድሞ አፍንጫዬን ሞላው። የእውነተኛው ወይን ሽታ አይደለም፤ ከረሜላና ማስቲካ ላይ የሚጨመረው፣ ጣፋጭም ከበድ ያለም ሽታ ነው። ሳልቀምሰው መለስኩላት። «አትወጂውም?» አለች ቅር ብሏት። «ሽታውን አውቀዋለሁ» አልኳት። ለእሷ ጭማቂ ነው። ለእኔ ግን የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ከአንድ ሆስፒታል ጀርባ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሳህን እየከፈትኩ ያደረውን የማይባት። ሩዙን ገዝቼ ወጣሁ፤ ሳሙናውን ረሳሁት።

ያኔ የምንኖረው ኢስትሊ ነበር። ዛሬ መስታወት የለበሱ የገበያ ሕንፃዎች የቆሙበት መንገድ ያን ጊዜ ሲዘንብ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ሲደርቅ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ፎቃችን ምድር ቤቱ የደረጀና የወይንሸት ምግብ ቤት ነው፤ ከእሱ በላይ መንገደኛ የሚያድርበት ሎጅ፣ ከሎጁ በላይ እኛ። ባለቤቴ በሞምባሳ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ቤት ያለነው እኔና ልጄ ሄለን ነን። ከታች ከምግብ ቤቱ በሞያሌ በኩል የመጣ የካሴት ዘፈን ይሰማል፤ አንዱ ካሴት መቶ ሽልንግ ነበር፣ ቅጂው ደግሞ ሃምሳ፤ የቅጂው ድምፅ ግን ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ያስመስለዋል። ልብሳችን ከጊኮምባ ገበያ ነው። ሚቱምባ የሚሉትን ሰልባጅ ማልዶ ሄዶ እስሩ ሲፈታ መምረጥ ነበር። አንድ የሱፍ ካፖርት በሁለት መቶ ሽልንግ ገዝቼ ስድስት ክረምት ለብሼዋለሁ፤ ናይሮቢ ይበርዳል ብለው የሚያምኑት የኖሩባት ብቻ ናቸው። ሥራ የምሄደው በቁጥር ዘጠኝ ማታቱ ነበር። ጎኑ ላይ የዘፋኝና የኳስ ተጫዋች ፊት ተስሎበት፣ ሙዚቃው ከሁለት መንገድ ማዶ እየተሰማ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ምባኦ! ምባኦ!» ይላል፤ ሃያ ሽልንግ ማለቱ ነው። በኋላ አዲስ መንግሥት ገባ፤ ሁሉም ቀበቶ ይሰር፣ መኪናውም ቢጫ መስመር ይቀባ ተባለና ሥዕሉ ጠፋ፤ ሙዚቃውም ለጥቂት ወራት ዝም አለ። ሰው ደስ አለው። እኔ ግን ዝምታው ውስጥ መንገዱ ረዘመብኝ።

አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቼ ስለነበር ከብዙ ወረቀትና ደጅ ጥናት በኋላ እዚያ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ስሙን አልጠራም። የተመደብኩት የባክቴሪያ ምርመራ ላይ ነው። ኃላፊዬ ሚስተር ኪማኒ፣ ሙቀትም ሆነ ብርድ ቡናማ ሹራባቸውን ከነጭ ጋዋናቸው ሥር የማያወልቁ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ሥራው ዛሬ ሳስበው የወጥ ቤት ሥራ ይመስለኛል። ዱቄት በውኃ በጥብጠን እናፈላለን፤ በረድ ሲል የበግ ደም ጨምረን በክብ ሳህኖች ላይ እናረጋዋለን። ከበሽተኛው የተወሰደው ደም ወይም መግል እዚያ ላይ ይዘራና እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ያድራል። አንድ ነገር ከበቀለ ሌላ ሳህን ላይ እንደገና እንዘራውና መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እንደረድርበታለን፤ አንዱ ወረቀት አንድ መድኃኒት። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን የሚገድለው ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከተላመደ ግን እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ይበቅላል። ክቡን በማስመሪያ ለክተን ለሐኪሙ እንልካለን። ዛሬ ማሽን ያነበዋል፤ ከፈለጉም የባክቴሪያውን ዘር ፊደል በፊደል ያወጡታል። እኛ የነበረን ማስመሪያ፣ ዓይንና አፍንጫ ነው።

ሐኪሞቹ ብዙም አይጠብቁንም ነበር። አንድ ሳህን አድሮ ሌላው እስኪያድር ድረስ በሽተኛው ወይ ድኗል፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ መድኃኒቱ በግምት ተቀይሮለታል። ኢስትሊ ውስጥ ደግሞ ሁሉም የራሱ ሐኪም ነው። ዱካ ላ ዳዋ ከሚሉት መድኃኒት ሱቅ ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ፍሬ አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ ይገዛል፤ ሲሻለው ይተወዋል፣ የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል። ለእኔም ስንት ጊዜ ሰጥተውኛል፤ በቅን ልብ ነው የሚሰጡት። የዚህን ነገር ዋጋ ሳህኖቹ ላይ አየው ነበር። ከዓመት ዓመት ክቦቹ እየጠበቡ ሄዱ። ይህን ለሚስተር ኪማኒ ስነግራቸው «አይቻለሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ክርክር የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ መድገም ነበር የሚወዱት። አንድ ውጤት ካስገረመኝ «ድገሚው» ይሉኛል፤ ካላስገረመኝም እንደዚያው።

ሲስተር ጆይስ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና የታመሙ ጨቅላዎች የሚተኙበት ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበሩ። የማቻኮስ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሌሎቹ ነርሶች የተዉትን ነጭ ቆብ የማይተዉ። እንግሊዝኛው «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን አይለይም፤ ስዋሂሊውም እንደዚያው። እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምላቸው። እሳቸው ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ በልጄ ስም ማማ ሄለን ይሉኛል። ከክፍላቸው በር አጠገብ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ የመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ሳይታጠብ ሊያልፍ ሲል «ሚኮኖ!» ይላሉ፤ እጅ! ማለት ነው። አንድ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም በዚህች ቃል ከደጃፍ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። የራሳቸውን እጅ ከመታጠባቸው ብዛት ቆዳው ይሰነጣጠቅ ነበር፤ ማታ ቫዝሊን ይቀቡታል። በምሳ ሰዓት ከጊኮምባ የገዙትን አሮጌ ሹራብ ይተረትሩና በክሩ ለሕፃናቱ ኮፍያ ይሠራሉ። ኮፍያዎቹ የእንቁላል ያህል ናቸው። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቡኒ፤ የተገኘው ቀለም። እኔም ናሙና ለመውሰድ ስሄድ አጠገባቸው ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። የሚያወሩት ስለ ሕፃናቱ ነው፤ ማን ክብደት ጨመረ፣ ማን ማታ አልቅሶ አደረ።

ትልቁ ዝናብ በገባበት ሰሞን ከዚያ ክፍል የአንድ ወንድ ሕፃን ደም መጣልኝ። ደሙን የጨመርኩበት የመረቅ ብልቃጥ በማግስቱ ደፈረሰ፤ ሳህን ላይ ዘራሁት። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ሳህኑ አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ የወይን ከረሜላ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ይህን ባክቴሪያ የሚያውቅ ሰው ስም አያስፈልገውም፤ ስሙ ሲዶሞናስ ነው፤ እርጥበት ያለበት ቦታ ሁሉ ይኖራል፣ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ የሁለት ኪሎ ልጅ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ያስገረመኝ እሱ አይደለም። ወረቀቶቹን ደርድሬ ባሳደርኩት ሳህን ላይ ክፍሉ የሚጠቀምባቸው መድኃኒቶች በሙሉ ዙሪያቸው በቅሎባቸዋል። አንድም ክብ የለም። ሚስተር ኪማኒ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩና «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ውጤቱን ይዤ ስወጣ ልጁ ሞቶ አልጋው ተነጥፎ አገኘሁት። ሲስተር ጆይስ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ፖሌ» አሉ፤ አዝናለሁ ማለት ነው፤ ለእኔ ይሁን ለልጁ አላወቅኩም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ሴት ልጅ እንዲሁ ሆነች። አረንጓዴው ያው፣ ሽታው ያው፣ መድኃኒቶቹም ያው። እሷም አልቆየችም። ሚስተር ኪማኒ ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ አዩዋቸው።

በዚህ መሀል ወይንሸት ወለደች። ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። ምጡ የያዛት ምግብ ቤቱ ውስጥ ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፤ ደረጀ በታክሲ ይዟት የመጣው እኔ ወዳለሁበት ሆስፒታል ነበር፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አለ ብሎ። ወንድ ልጅ ነው፤ ወዲያው እነ ሲስተር ጆይስ ክፍል ገባ። ወይንሸት ከገበያ ስዋሂሊ በቀር ሌላ አታውቅም፤ ስገባ ስወጣ እጄን ትይዘኛለች። «እትዬ በላይነሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» ትለኛለች። እኔ የማውቀውን እሷ አታውቅም። ለሚስተር ኪማኒ «የጎረቤቴ ልጅ እዚያ ክፍል ገብቷል» አልኳቸው። ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይሉ «የጎረቤትሽ ልጅ ባይሆንስ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ጥያቄ ነው።

ልጁ ገና ኮፍያው ሳይጠብበት መጥባት አቆመ፤ ገላው ቀዘቀዘ። የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ፓቴል፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ትሑት ሰው፣ ደሙን በእጁ ይዞ መጣ። «ይኼኛውም ያው ከሆነ የምሰጠው አልቆብኛል» አለ። ሚስተር ኪማኒ ያን ቀን ያደረጉትን ከዚያ በፊት ሲያደርጉ አላየሁም፤ ሹራባቸውን እንደለበሱ ጋዋናቸውን አውልቀው ወጡ። ከተማ ውስጥ ያለ ትልቅ ላቦራቶሪ የሚሠራ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበራቸው። በማታቱ ሄደው፣ በምሳ ቴርሞሳቸው ውስጥ በረዶ ጨምረው፣ እኛ ያልነበሩንን የመድኃኒት ወረቀቶች ይዘው ተመለሱ። ብልቃጡ እንደደፈረሰ፣ ወግ ያለው ምርመራ እስኪያድር ሳንጠብቅ፣ በቀጥታ ከብልቃጡ ዘርተን ወረቀቶቹን ደረደርንበት። «ወግ የለውም፤ ግን አንድ ቀን ያተርፋል» አሉ። ጠዋት ሳህኑን አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት። አሮጌዎቹ መድኃኒቶች ዙሪያ እንደለመደው በቅሏል። ከአዲሶቹ በአንዱ ዙሪያ ግን፣ አሚካሲን ነው፣ ማስመሪያ የማያስፈልገው ሰፊ፣ ጥርት ያለ ክብ ነበር። ዶክተር ፓቴልን ጠራነው። አየና ሮጠ፤ ሐኪም በመተላለፊያ ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ነው።

ልጁ ወዲያው አልዳነም። ወይንሸት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትውላለች፤ ደረጀ ምግብ ቤቱን ዘግቶ ከጎኗ ይቆማል። የሕፃናቱን ጠርሙስና ቱቦ ሁሉ በእጃቸው የሚያጥቡት፣ ልጁን የሚገለብጡት፣ በጠብታ ወተት የሚሰጡት ሲስተር ጆይስ ናቸው። አንድ ጠዋት ገና ከማታቱ ስወርድ ወይንሸት ከግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጠባ!» አለች። «እትዬ፣ ጠባ! ሲስተሯ ናቸው ያጠቡልኝ።» መንገድ ላይ አቀፈችኝ። ካፖርቴ ላይ የፈሰሰው እንባዋ ይሁን ዝናቡ አላውቅም።

ልጁ ዳነ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አልነበረም። ሦስት ልጅ፣ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፤ የሆነ ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። ሚስተር ኪማኒ ክፍሉ ይመርመር ብለው ጠየቁ፤ መታጠቢያው፣ ውኃው፣ ማሞቂያ አልጋዎቹ፣ የሠራተኞቹም እጅ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ወሬው እንዳይወጣ ሠጉ። ፈቀዱ ግን። የከበደው ሲስተር ጆይስ ዘንድ ነው። ቆመው ሰሙን።

«ክፍሌ ቆሻሻ ነው ማለታችሁ ነው?» አሉ።

«አይደለም» አሉ ሚስተር ኪማኒ። «አላውቅም ማለቴ ነው። ስለማላውቅ ነው የምፈልገው።»

ሲስተር ጆይስ ዞር ብለው አዩ። ነርሶቻቸው ከኋላቸው ቆመዋል፤ ፊታቸው የሚናገረው እምቢታ ነው። ከዚያ ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ሰዓት ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ከእኔ ጀምሩ» አሉ። እሳቸው ከዘረጉ በኋላ የሚከለክል አልነበረም። የእያንዳንዱን ሰው ጣት በሳህን ላይ አስጫንኩ፤ ነርስ፣ ሐኪም፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የእኔንም።

በማግስቱ ሳህኖቹን ስንከፍት አብዛኛው ላይ በማንም ቆዳ ላይ የሚኖር ነጫጭ ነገር ነው ያለው። የመታጠቢያው ጉድጓድ ላይ የበቀለው ሌላ ዓይነት ነው። መሀል ላይ አንዱን ክዳን ስከፍት ሽታው መጣ። የሳህኑን ጀርባ ገልብጬ ስሙን አነበብኩ፤ ከዚያ እንደገና አነበብኩ። ሚስተር ኪማኒ አልጠየቁኝም፤ ሸቷቸዋል። «ድገሚው» አሉ፤ ይህን ጊዜ ግን እንዲሳሳትላቸው የሚለምኑ ይመስል ነበር። ለሲስተር ጆይስ ሳህኑ ተበላሽቶብን ነው ብዬ፣ ጣት በጣት እየለየሁ፣ ከየጥፍራቸው ሥር በጥጥ ወሰድኩ። ዘጠኙ ጣት ንጹሕ ነው። የቀኝ አውራ ጣታቸው ግን ያው አረንጓዴ፤ ወረቀቶቹን ስደረድርበትም የሕፃናቱ ሳህን ቅጂ ሆነ፤ አሮጌዎቹ መድኃኒቶች ምንም፣ አሚካሲን ዙሪያ ሰፊ ክብ። ያ ጥፍር ከዓመታት በፊት ከሥጋው ላላ ብሎ የወፈረ ነበር። ሥሩ አረንጓዴ ጥላ ነበረው፤ የሹራብ ክር ቀለም ነው ይሉ ነበር፤ እኛም አምነን ሻይ ጠጥተናል። ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚውል እጅ ጥፍሩ ይላላል፤ ከላላው ጥፍር ሥር ውኃ ይገባል፣ ሳሙና ግን አይደርስም። ከዚያ ክፍል ሰዎች ሁሉ ይህ የደረሰው አብዝተው በሚታጠቡት ላይ ነው።

አስተዳዳሪው እነግራቸዋለሁ ብለው ነበር፤ ሲስተር ጆይስ ግን ቀደሟቸው። በሻይ ሰዓት ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሙ። «ማማ ሄለን፣ ሁለተኛ ጊዜ ጣት በጣት የሚወሰድ ሳህን ስለተበላሸ አይደለም» አሉ። «አሳዪኝ።» ሚስተር ኪማኒን አየኋቸው፤ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳህኑን ከሕፃናቱ ሳህን ጎን አስቀመጥኩላቸው። ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ መተርጎም አላስፈለገም።

«ሁለቱ ልጆች በዚህ ነው የሞቱት?»

«ዓይነቱ አንድ ነው» አልኩ። «ከእርስዎ ወደ እነሱ ይሂድ፣ ከእነሱ ወደ እርስዎ ይምጣ ግን ይህ ሳህን አይናገርም።»

«ጥፍሩ ከእነሱ በፊት ነው የላላው፣ ማማ ሄለን።»

እውነት ነበር። ሚስተር ኪማኒ ወንበር ሳቡላቸው፤ አልተቀመጡም። እጃቸውን በጋዋናቸው ኪስ ከተው ትንሽ ቆሙና «ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉ አልገባም። ለእናቶቹ ግን ራሴ ነኝ የምነግራቸው» አሉ። አስተዳዳሪው ይህን ሲሰሙ ሕግ አለ፣ ጠበቃ አለ አሉ። ሲስተር ጆይስ «እናቶቹ የሚያውቁት እኔን ነው» ብለው ሄዱ። ከሞቱት የአንዱን እናት ቤቷ ድረስ ሄደው አገኟት፤ ምን እንደተባባሉ ለማንም አልተናገሩም። ሁለተኛዋ ወደ ገጠር ተመልሳ ነበር፤ ደጋግመው ፈለጓት፣ አላገኟትም። ወይንሸትን ለማነጋገር ግን አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

ልጁ ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ነው። ወይንሸት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ልጁን በፎጣ ጠቅልላ ከክፍሉ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሲስተር ጆይስን ስታይ ብድግ አለች፤ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ ቀስ ብለው በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ እኔ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ አዞርኩት። ልጇን ያሳመመው ነገር እሳቸው ጣት ላይ መገኘቱን፤ አለማወቃቸውን፤ አለማወቃቸው ግን ለልጁ ምንም እንደማይጠቅመው። የሰው ቃል ማዞር እንግዳ ሥራ ነው። በአፌ «እኔ» እያልኩ የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ ወይንሸት ግን የምታየው የእኔን ፊት ነው። ስጨርስ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው፤ ፎጣውን በፊቱ ላይ መለሰችው።

«ልጄን አይንኩብኝ በያቸው» አለች።

ይህን እንዴት ብዬ እንደማዞረው ስፈልግ ሲስተር ጆይስ አስቀድመው ገብቷቸዋል። ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ኋላቸው አደረጉ። እንደዚያው ቆመው እኛ በመተላለፊያው እስክንወጣ ጠበቁ።

ቀዶ ሐኪሙ ጥፍሩን አነሳው፤ ጣቱ ታሽጎ ቆየ፣ ዳነ። ከዚያ ክፍል ያ አረንጓዴ ሳህን ዳግመኛ አልመጣልኝም። የሲስተር ጆይስን እጅ ደጋግሜ መረመርኩ፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። አስተዳዳሪው ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ ጠየቋቸው፤ ዶክተር ፓቴልም ለመናቸው። እሳቸው ግን አንሶላ የሚታጠፍበትና የሚጠገንበት ክፍል ይሻለኛል ብለው ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ሠሩ። ሕፃን የሚነካ ሥራ አልሠሩም። ለወይንሸት ይህን አንድ ቀን ምግብ ቤቷ ውስጥ ነገርኳት። ማንኪያ እየጠረገች ሰማችኝ። «አልጠላኋቸውም፣ እትዬ» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ በጠብታ ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። ግን ልጄን አልሰጣቸውም። ሁለቱም እውነት ነው።» ዛሬም ያንኑ ትላለች። ልጁ አሁን ከእኔ በሁለት ራስ ይረዝማል፤ አማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው ያለ ወሩ መወለዱን ብቻ ነው።

ሲስተር ጆይስ ጡረታ ወጥተው ማቻኮስ ገቡ። ሚስተር ኪማኒም ሹራባቸውን ይዘው ወጡ፤ እኔ በጠባቧ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ሲስተር ጆይስ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰው፣ ራሳቸውን በጨርቅ አስረው መጡ። ሰላምታውን አሳጠሩት።

«ልጄ ወለደች» አሉኝ። «የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት።»

«እንኳን ደስ አለዎት! ትመስልዎታለች?»

«ከሩቅ ነው ያየኋት። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።» እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ውሰጂልኝ። አሥሩንም።»

«ሲስተር፣ ያለቀ ነገር እኮ ነው። ስንት ዓመቱ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ግን ዝሪው።»

ከየጥፍሩ ሥር ወሰድኩ። አውራ ጣቱ ላይ አዲስ፣ ጤነኛ፣ ትንሽ የተጎረበጠ ጥፍር በቅሏል። ቆዳው መሰነጣጠቁን ትቷል፤ የእርሻ እጅ እንጂ የሆስፒታል እጅ አይደለም። ሻይ አልጠጣም ብለው በመጡበት አውቶቡስ ተመለሱ። አሥሩን ሳህን ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩ። አንድ ሌሊት በቂ ነበር፤ እኔ ግን እሳቸው የሚጠይቁኝን ስለማውቅ ሁለት አሳደርኳቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፤ በማንኛችንም እጅ ላይ ከሚገኘው በቀር ምንም የለም። ከሱቅ የሃምሳ ሽልንግ የስልክ ካርድ ገዝቼ፣ ፍቄ ሞልቼ፣ ከላቦራቶሪው ውጭ ቆሜ ደወልኩ። አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሱት።

«ሲስተር፣ ምንም የለም» አልኳቸው። «አሥሩም ንጹሕ ናቸው።»

በስልኩ ውስጥ ዶሮ ይሰማኛል፣ የሆነ ሰው ውኃ ሲቀዳ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ከስልኩ አርቀው፣ ቤት ውስጥ ላለ ሰው «ሌቴ ምቶቶ» አሉ፤ ሕፃኗን አምጡልኝ ማለታቸው ነው። እግር ተራመደ፤ ወንበር ተሳበ። ስልኩን መዝጋት ረስተውታል። ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩ።